ቀና ብለህ ንገረኝ

በእኛ ዘንድ ለታላቅ የሚሰጥ አክብሮት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ የድምፅ ዝቅታ ነው። ወጣት ከሽማግሌ ፊት ሲቀርብ አንገቱን ይደፋል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ አንዳንዴም አፉን በእጁ ከለል አድርጎ ቃሉን በቀስታ ያወጣል። እኔም ያደግሁት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ልጆቼንም ያሳደግኋቸው በዚሁ ነው። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ግን፣ ይህ የተወደደ ሥርዓት ጆሮው ለደከመ ሰው የሚያተርፍለትን ችግር በየዕለቱ አያለሁ። የሚያከብረኝ ሰው ሁሉ ድምፁንም ፊቱንም ይነፍገኛል።

በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀንስም። በውስጥ ጆሮ፣ ኮክሊያ በተባለው ጠምዛዛ ክፍል፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱትም ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። የአንገት በላይ ሐኪሙ ያሳየኝ ኦዲዮግራም፣ ማለትም የመስማት ልኬት ሥዕል፣ በግራ ካለው ወፍራም ድምፅ (250 ሄርዝ) ተነሥቶ በቀኝ እስካለው ቀጭን ድምፅ (8000 ሄርዝ) ይሄዳል፤ የእኔ መስመር በግራ በኩል ደህና ቆይቶ ወደ ቀኝ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። አናባቢዎቹ ወፍራም ስለሆኑ ይደርሱኛል፤ ስለዚህም ሰው እየተናገረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስ፣ ሽ እና ፍን የመሰሉት ግን ይቀሩብኛል። በሠፈራችን ሽምግልና ላይ የምቀመጥ ሰው እንደመሆኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በወንድማማቾች የውርስ ክርክር አንዱ «አባታችን ቦታውን ሰጡት» ሲል ሌላው «ሸጡት» ቢል፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እኔ በማልሰማው በዚያች አንዲት ፊደል ላይ ነው።

ሰዎች ችግሩን ሲረዱ የሚወስዱት የመጀመሪያ መፍትሔ መጮኽ ነው። የደከመ ጆሮ ግን ሌላም ጠባይ አለው፤ ዝቅተኛውን ድምፅ አይሰማም፣ ከፍተኛው ደግሞ ቶሎ ያውከዋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ምቹ ስፍራ ይጠብበታል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «አልሰማሁህም» ብሎ ወዲያው ደግሞ «ምነው ትጮኽብኛለህ?» ቢል ነገረኛ ሆኖ አይደለም። ጩኸት የሚያጎላው ቀድሞም የምንሰማውን አናባቢ ነው እንጂ የጎደለውን ተነባቢ አይደለም፤ እንዲያውም የከንፈሩን ቅርጽ ያበላሸዋል። ከዚህ ይልቅ ሦስት እርምጃ ቀርቦ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በመደበኛ ድምፅ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ይሻለኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «ጃጅተዋል» የሚለው ፍርድ ነው። ስላልተጠየቀው ነገር የሚመልስ፣ ሰው ሲስቅ ዘግይቶ የሚስቅ፣ በመጨረሻም ዝም ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ሽማግሌ አእምሮው የደከመ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨዋታው ሳይደርሰው አልፎት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች ከ25 በመቶ የሚበልጡት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር እንዳለባቸው ይገልጻል። በእርግጥ በመስማት ድካምና በመርሳት ችግር መካከል ግንኙነት መኖሩ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው አቺቭ የተሰኘ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ 977 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ በአጠቃላይ ሲታይ መሣሪያው የአእምሮን መድከም እንዳላዘገየ፣ ለችግሩ ይበልጥ ተጋላጭ በሆኑት ላይ ግን በ48 በመቶ እንዳዘገየ አሳይቷል። ነርስ የሆነችው ልጄ ሁለተኛውን ውጤት ብቻ ነበር የነገረችኝ፤ የመጀመሪያውን ቆይቼ አነበብኩት። የሆነ ሆኖ እኔ መሣሪያውን የማደርገው አእምሮዬን ለማዳን ብዬ ሳይሆን ከሰው መካከል እንዳልወጣ ነው።

መሣሪያው ጆሮን እንደ መነጽር ወዲያውኑ የሚያስተካክል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወረቀት መንኮሻኮሽና የሳህን መጋጨት ያስደነግጣል፤ ለዓመታት ያልደረሰውን ድምፅ አእምሮ እንደገና እስኪለምደው ድረስ ቀኑን ሙሉ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለእንግዳ ብቻ እያወጡ የሚያደርጉት ሰዎች የማይለምዱትም ለዚህ ነው። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጋቢዬን እስከ ራሴ ከተከናነብኩ መሣሪያው ያፏጫል፤ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ስለሚገባ ነው። ትንሿ ባትሪ የምትሠራው በአየር ነው፤ ሽፋኗ ከተላጠ በኋላ ብትጠቀምባትም ባትጠቀምባትም ጉልበቷ መቀነሱ አይቀርም። በክረምት ወራት ደግሞ እርጥበት እንዳያበላሸው ማታ ማታ ደረቅ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ግን፣ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራና ባጃጆች በደጅ ሲያልፉ፣ ምንም ያህል ቢስተካከል አይረዳኝም፤ ሁሉንም አጉልቶ ያቀርብልኛል፣ መምረጡ የእኔ ሥራ ይሆናል።

በምኖርባት በሀዋሳ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ገጥሞኛል። የሲዳማን ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎን፣ የተማርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ በገበያም በጎረቤትም ለረጅም ዘመን ያለ ችግር ተግባብቼበታለሁ። የመስማት አቅሜ ሲቀንስ መጀመሪያ የራቀኝ እሱ ሆነ። በአማርኛ ግማሹን ቃል ብሰማ ሌላውን ግማሽ ከልማድ እሞላዋለሁ፤ ዘግይቶ በተማሩት ቋንቋ ግን እንዲህ ያለው ግምት ያን ያህል አያስተማምንም። ለካ ከሰማሁት ይልቅ የገመትኩት ይበልጥ ነበር። ከጎረቤቴ ጋር በጠዋት የምንለዋወጠው ሰላምታ ሲያጥር እሱም አንድ ነገር ያጎደለብኝ መስሎት እንደነበር በኋላ አጫወተኝ።

አሁን በሽምግልና ስንቀመጥ ተናጋሪውን ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍበት አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ አንድ በአንድ እንዲናገሩም እጠይቃለሁ። ወጣቱ እንደ ልማዱ አንገቱን ሲደፋ «ቀና በል ልጄ፣ ፊትህን እያየሁ ልስማህ» እለዋለሁ። ከእኔ የሚበልጡ አንድ አባት ይህን አይወዱትም፤ ልጅ በሽማግሌ ዓይን ላይ ዓይኑን ከተከለ ነገ ማንን ያፍራል ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ከሚባለው ግማሹን እንደማይሰሙ ከጎናቸው ተቀምጬ አያለሁ፤ ውሳኔ ሲጠየቁ «እናንተ እንዳላችሁ» ይላሉ። መሣሪያ ስላቸው «እኔ ደንቆሮ አይደለሁም» ብለው ተቆጡኝ። ጆሯቸው በኩክ ብቻ ተደፍኖ ሊሆን እንደሚችልና እሱንም ሐኪም በቀላሉ እንደሚያወጣው ስነግራቸው ግን ዝም ብለው አሰቡ። ለኩኩ ከሆነ ማክሰኞ አብረን እንሂድ ብለውኛል።