ዱባይ ላይ ማገልገል፦ እስካሁን የተማርኩት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የአገልግሎት ወንድሞቼና እህቶቼ። ወደ ዓረብ አገር ለአገልግሎት ለመውጣት የምትዘጋጁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ዱባይ ከገባሁ ወዲህ የቀሰምኩትን ላካፍላችሁ። ስለ ሕንፃዎቹ ርዝመት አልጽፍም፤ እሱን ሁሉም ሰው አይቶታል። እኔን ያስተማረኝ ሰዓት ነው። እዚህ የምታገለግሉት ምእመን ሰዓቱ በእጁ አይደለም፤ የመጋቢነት ሥራውም መልኩን የሚይዘው ከዚህ ተነስቶ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት ሥራ የሳምንቱን ቀናት ማጥናት ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ስለነበር ክርስቲያኖችም ለብዙ ዘመን ዋና አምልኳቸውን በዓርብ ሲያደርጉ ኖረዋል። ኤምሬትስ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛውን ዕረፍት ከዓርብ እኩለ ቀን እስከ እሑድ አደረገች። ለቢሮ ሠራተኛ ነገሩ ቀለለ። የቤት ሠራተኛዋን ቀን የምትወስነው ግን ማዳሟ ናት። አንዷ ዓርብ ትወጣለች፣ ሌላዋ እሑድ፣ ሌላዋ በወር አንዴ፤ ጨርሶ የማትወጣም አለች። የሆቴልና የጽዳት ሠራተኛው ደግሞ እንደ ሺፍቱ ነው። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚያርፍ የምመዘግብበት ደብተር ያዝኩ። ስብከቴንም ቀየርኩ፤ «ባለፈው ሳምንት እንዳየነው» ብሎ መጀመር ተውኩ። ዛሬ የመጣች እህት እንደገና የምትመጣው ከሁለት ወር በኋላ ሊሆን ይችላልና ከአንዱ ስብከት ሙሉ እንጀራ ይዛ መሄድ አለባት።

ቦታውም የራሱ ሥርዓት አለው። አምልኮ የሚካሄደው በተፈቀደ ግቢ ውስጥ ነው፤ አገር ቤት እንደለመድነው በየሰፈሩ ቤት ለቤት ኅብረት መጀመር አይቻልም፤ ሕጉን ማክበር ምእመናንን መጠበቅ ነው። በኡድ ሜታ ሰፈር የአንግሊካኖቹ ሆሊ ትሪኒቲ እና የካቶሊኮቹ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ይገኛሉ። የቅድስት ማርያምን ቦታ የሰጡት የዚያን ጊዜው የዱባይ ገዥ ሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል ማክቱም ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑም በ1967 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በሆሊ ትሪኒቲ ግቢ ሕንዱም ፊሊፒኖውም ሌላውም በየቋንቋው አዳራሾቹን በሰዓት ተከፋፍሎ ያመልካል። ዝማሬው ሲሞቅ ሰዓት ማራዘም የለመደ አገልጋይ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ቀጣዩ ጉባኤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ትልቁ አገልግሎት ግን በስልክ ነው። እዚህ በዋትሳፕ መደወል አይቻልም፤ የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል፣ ለጥሪ ብዙዎች ቦቲም የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ይጠቀማሉ። እህቶቻችን መልእክት የሚሰሙት ዕቃው ታጥቦ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። በረመዳን ደግሞ ማዕዱ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት ሊነጋጋ ሲል እስከሚበላው እስከ ሱሑር ስለሚዘልቅ ከዚያም ይመሻል። ስለዚህ አጭር ቃልና ጸሎት እቀዳለሁ፤ ደክሟት እንኳ ሳትተኛ የምትጨርሰው መሆን አለበት። የሚመለስልኝ ድምፅ ብዙውን ጊዜ በሹክሹክታ ነው፤ ክፍሉን ከልጆቹ ጋር ስለምትጋራ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚከብደኝ ልምጣ። ዘፍጥረት 16 ላይ ያለችው አጋር በሰው ቤት የምታገለግል፣ አገሯ ሌላ የሆነ ሴት ናት፤ ከእመቤቷ ሸሽታለች። ይህን ምዕራፍ እዚህ የምትሰማው እህት የራሷን ኑሮ ነው የምትሰማው። መልአኩ አጋርን ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ማዘዙን ያለ ጥንቃቄ ከሰበካችሁ፣ ተደብድባ የወጣች ልጅ «ፓስተር ተመለሺ ብሏል» ብላ ወደዚያው ቤት ልትመለስ ትችላለች። ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ምዕራፍ 16ን ከምዕራፍ 21 ነጥዬ አላስተምርም። በኋለኛው አጋር ከቤቱ ወጥታለች፣ ውኃዋም አልቋል፤ እግዚአብሔር ግን የልጁን ድምፅ ሰማ፣ የውኃውንም ጉድጓድ አሳያት። በሁለቱም ቦታ አግኝቷታል፤ ተመለሺ የተባለችው ግን በአንዱ ብቻ ነው። የትኛዋ ትታገሥ፣ የትኛዋ ትውጣ የሚለው ከመድረክ የሚወሰን አይደለም። ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን መስማት ይጠይቃል፤ እኔም ያለ አንዲት በዕድሜ የበሰለች እህት ለብቻዬ ለምክር አልቀመጥም።

ለዚህ ምክር ደግሞ ጸሎት ብቻ አይበቃም፣ ሕጉንም ማወቅ ግድ ነው። የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንና በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል። ብዙ እህቶች ይህን ሰምተው አያውቁም። ዝም ብሎ ከቤት መጥፋት ግን መዘዝ ስላለው ክሱ በአግባቡ ለሚመለከተው ሚኒስቴር መድረስ አለበት፤ ዱባይ ያለው ቆንስላችንም መታወቅ አለበት። አገልጋይ ጠበቃ አይደለም፤ መንገዱን ግን ማሳየት ይችላል። ከመምጣታችሁ በፊት ሕጉን አንብቡት፣ እኔ እዚህ ደርሼ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

ዓረብኛው ቀስ እያለ ነው። ሰላምታው፣ ቁጥሩ፣ የሆስፒታልና የፖሊስ ጣቢያ ቃላት ገብተውኛል፤ የታመመች እህትን አጅቤ ስሄድ ለሐኪሙ ሕመሟን ማስረዳት እስክችል ድረስ እቀጥላለሁ። ዕረፍት ሲኖረኝ ደይራ ውስጥ ወዳለው ፍሪጅ ሙራር ሰፈር እሄዳለሁ፤ ሱቁም ምግብ ቤቱም የሐበሻ ስለሆነ ወደ አምልኮ የማይመጡትን ወገኖች የማገኘው እዚያ ቡና ላይ ነው።

ኩዌትና ቤይሩት የምታገለግሉ ደግሞ በረመዳን ወር ምን ዓይነት ፕሮግራም እንዳላችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ለአንድ ወር ሙሉ መውጣት ለማይችሉት እህቶች የምታደርጉትን። የእኛን ከወዲሁ ማዘጋጀት ጀምረናል።