ፒካፔ ስንት ንፋስ እንደሚፈልግ በጠመኔ ያገኘሁት መልስ

ፒካፔ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ 265/65 በ17 ነበር። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሩዝ አመላልሳለሁ። ክረምት ላይ የፎገራ ዋልካ ሁለት ጊዜ ሲውጠኝ ጊዜ 285/70 በ17 አስገባሁ። አዲሱ ጎማ በቁመት አምስት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ይበልጣል። መኪናው አማረበት።

የገጠመልኝ ጎሚስታ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላው። "ትልቅ ጎማ ብዙ ንፋስ ነው የሚፈልገው ወንድሜ" አለኝ፤ አመንኩት። ከዚያ በኋላ የከተማው ኮብልስቶን በሙሉ ወገቤ ላይ አረፈ። ባዶዬን ስነዳ ኋላው ይዘላል፤ ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ ይንሸራተታል። በአምስተኛው ወር ጎንበስ ብዬ ጎማውን ዳበስኩት። ዳር ዳሩ ገና ይቆረቁራል፣ መሃሉ ግን ለስልሷል። የጎማ ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያንገበግብ ይገባዋል።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ" አልኳቸው። "ልጆችህ ጠመኔ አላቸው?" አሉኝ።

እሁድ በማለዳ ደረቅና ሜዳ የሆነ አስፋልት ላይ ወጣን። ጎማው ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ወፍራም መስመር አሰመሩ። "ቀጥ ብለህ ሂድ፣ መሪውን እንዳታዞር።" ሃምሳ ሜትር ያህል ሄጄ ወረድኩ። መስመሩ መሃል ላይ ጠፍቷል፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ነጭ እንዳለ ቀርቷል። "አየህ? መሬት የሚረግጠው ሆዱ ብቻ ነው" አሉኝ።

ጥቂት ጥቂት ፒኤስአይ እያስተነፈስን፣ እያሰመርን፣ እየነዳን ቀጠልን። መስመሩ ከዳር ዳር እኩል የጠፋው ፊት 35፣ ኋላ 30 ላይ ነው። ትልቅ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ያንኑ ክብደት በአነስተኛ ግፊት ይሸከማል። ባዶ ፒካፕ ደግሞ ኋላው ላይ ብዙ ክብደት የለውም። በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው 29 የድሮው ጎማ ልክ ነው። አዲሱ ለጭነት የተሠራና ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ 29ን ማነጻጸሪያ አደረግነው እንጂ አልገለበጥነውም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው 80ም ጣሪያው ነው፤ ሙላ ማለት አይደለም።

የራሴ ጥፋት ከዚህ በኋላ መጣ። ኋላውን በዚያው 30 ትቼ ስምንት ኩንታል ጫንኩ። ባሕር ዳር ስገባ 39 ሆኗል፤ በመዳፌ ስነካው ይፋጃል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግላል፤ ግለቱም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። "በዛ" ብዬ ላስተነፍስ ነበር። ጋሼ በስልክ "እንዳትነካው! ያነሰው ነው እንዲህ ያደረገው" አሉኝ። አሁን ጭነት ሳለ ኋላውን 42 አደርጋለሁ፤ ስደርስ 47 ያህል ይሆናል። ከ4 እስከ 6 ቢጨምር ደህና ነው።

መለኪያ የራሳችሁ ይሁን። አንዱን ጎማ በአንድ ጠዋት ሁለት ጎሚስታ ቤት አስለክቼ የ5 ልዩነት አግኝቻለሁ። እኔ ሳልነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ እለካለሁ። ከተነዳ በኋላ ከሆነ ሦስት ሰዓት ያህል ማቆም ያስፈልጋል።

ዋልካ ውስጥ ባዶዬን ስገባ እስከ 20 አወርዳለሁ። ከ15 በታች ግን አልደፍርም፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አስፋልት እንደረገጥኩ በትንሿ ኮምፕረሰር መልሼ እሞላለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን በ20 ወደ ከተማ መብረር ጎማውን መግደል ነው። ፍጥነትም ቢሆን ልብ በሉ፤ በዚህ ጎማ ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 86 ገደማ እየሄደ ነው።

መሃሉ የተበላው ጥርስ አይመለስም። በሚቀጥለው እሁድ የፊቱን ከኋላው አዟዙሬ አራቱንም እንደገና አሰምራለሁ። ጠመኔው መኪናው ውስጥ ነው።