ሲ2 ላይ የያዝኩት ነጥብ፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ትናንት ሌሊት ከሶሆ ሳተላይት ምስሎች ላይ አንድ ጅራታም ኮከብ ማንም ሳይጠቁመኝ ለየሁ። አዲስ ግኝት አይደለም፤ ከእኔ ሰዓታት ቀድሞ ሌላ ሰው አሳውቆታል። ቢሆንም ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ።

አሁን ለምትጀምሩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሶሆ በ1995 እ.ኤ.አ. የመጠቀች የአውሮፓና የአሜሪካ የጋራ ሳተላይት ናት። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ፀሐይን ትከታተላለች። ላስኮ የሚባሉት ካሜራዎቿ (ሲ2 የፀሐይን ቅርብ ዙሪያ፣ ሲ3 ሰፋ ያለውን ሰማይ ያሳያሉ) የፀሐይን ፊት በክብ ሳህን ይጋርዳሉ፤ እኛ ፀሐይ ሲበረታብን መዳፋችንን እንደምናነሳው። ያኔ በዙሪያዋ ያለው ደብዛዛ ነገር ሁሉ ብቅ ይላል። ምስሎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው። እስካሁን ከ5,000 በላይ ጅራታም ኮከቦች ተገኝተውባቸዋል፤ አብዛኞቹን ያገኙት እንደኛ በፍቅር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን ወር የሚንቀሳቀስ ነጥብ ስፈልግ ጨረስኩት። ችግሩ እዚያ ምስል ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር የለም። ሶሆ ከምድር ጋር ፀሐይን ስለምትዞር ከዋክብቱ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ፤ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል። የሲ3 ምስል 1,024 ፒክስል ስፋት አለው፤ የሚያሳየው ደግሞ 16 ዲግሪ ግድም ሰማይ ነው። አስሉት፦ በቀን 64 ፒክስል፣ በሰዓት 2.7። ይህን ሳላሰላ አንድ ነጥብ ለካሁና ሪፖርት ላኩ። ተቀባይነት አላገኘም። ቁጥሮቼን መልሼ ሳያቸው በሰዓት ሦስት ፒክስል ሳይሞላ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ተራ ኮከብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ በፊት የከዋክብቱን ፍጥነት ነው የምለካው።

የኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር መጥቶ ካሜራው ላይ ነጥብ የሚፈጥር ቅንጣት) ግን ብዙም አያስቸግርም። አንድ ምስል ላይ ቦግ ይልና ቀጣዩ ላይ የለም።

በጣም የረዳኝ የክሮይትስ ቤተሰብን ማወቄ ነው። ሶሆ ካየቻቸው አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ አባላት፣ የአንድ ጥንታዊ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ስብርባሪዎች ናቸው። ስለዚህ በአንድ መንገድ ይመጣሉ። መንገዱ ምስሉ ላይ የሚታይበት አቅጣጫ እንደ ወሩ ይለያያል። አሁን የወሩን መንገድ ወረቀት ላይ እሥላለሁ፤ ከዚያ ያንን መስመር ብቻ እያየሁ ምስሎቹን ወደፊትና ወደኋላ አፈራርቃለሁ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከ2003 ወዲህ በአንቴናዋ ችግር ምክንያት ሶሆ በየሦስት ወሩ 180 ዲግሪ ትገለበጣለች። ሳህኑን የያዘው ዘንግ ጥላ አንዴ ከታች በግራ፣ አንዴ ከላይ በቀኝ የሚታየው ለዚህ ነው። ቦታው ስለተቀየረ አትደንግጡ።

የትናንቱን ያገኘሁት ሲ2 ላይ ነው። ምስሎቹ በየ12 ደቂቃው ናቸው። ከዋክብቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ተኩል ፒክስል ሲሄዱ የእኔዋ ነጥብ 15 ግድም ትዘል ነበር፤ ያውም በሣልኩት መስመር ላይ። አራት ምስል ላይ ተከተልኳት። በእያንዳንዱ እየደበዘዘች ሄደች። አምስተኛው ላይ ፈለግኳት፣ የለችም። ሳህኑ ጋ እንኳን ሳትደርስ አለቀች። ብዙዎቹ መጨረሻቸው እንዲህ ነው፤ ያም ሆኖ ቅር አለኝ።

የቀደመኝ ሰው ያያት ገና ሲ3 ላይ ሳለች ነው። የሚቀጥለው ወር ሥራዬ ሲ3 ላይ መፈለግ ነው። እዚያ ግን ነጥቡ በጣም ፈዛዛ ይሆንብኛል፤ የምስሉን ብርሃንና ጥላ እንዴት እንደምታስተካክሉ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።