«ሁለተኛውን ክፍያ ልኬያለሁ»

ስልኩ የጮኸው ለምሳ ልንወጣ ስንል ነው። አነሳሁት። የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ ነበር። ረጋ ያለ፣ ትሕትና ያለው ድምፅ።

«ልጄ፣ ሁለተኛውን ክፍያ ከላክሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። መጽሐፌ ከምን ደረሰ ብዬ ነው የደወልሁት።»

ያኔ የምሠራው በአንድ የሥነ ጽሑፍ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነበር። አራት ሰዎች ነበርን። ወኪል ማለት የጸሐፊውን ረቂቅ ይዞ ለአሳታሚዎች የሚያቀርብ፣ ውሉንም የሚደራደር ሰው ነው። በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ዓለም ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች በወኪል በኩል ያልመጣ ረቂቅ አያዩም። ስለዚህ መጽሐፍ አሳትሞ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የወኪልን በር ነው። በሩ ላይ የተቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከማናውቃቸው ጸሐፊዎች የሚመጣውን ደብዳቤ ቀድሜ አነባለሁ። የሚያጓጓውን ለአለቃዬ አሳልፋለሁ። የቀረውን እዘጋለሁ።

በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጥኩበት ጊዜ ሁሉ ስለ ክፍያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሊኖርም አይገባም። ከጸሐፊ ቤሳ ቤስቲን አንቀበልም።

«የምን ክፍያ ጋሼ?» አልኳቸው።

«የአርትዖቱ ነዋ። የመጀመሪያው ለንባቡ ነበር፣ እሱን ቀደም ብዬ ከፍያለሁ።» ከዚያ የአለቃዬን ሙሉ ስም ጠሩ። «የጻፈችልኝ ራሷ ናት። ደብዳቤዋ እጄ ላይ ነው።»

ደብዳቤውን እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ደረሰኝ። የአለቃዬ ስም አለ። ፎቶዋ አለ። የቢሯችን ምልክትም አለ፣ ከድረ ገጻችን ላይ የተገለበጠ። አድራሻው ግን የእኛ አይደለም። ማንም ሰው በነጻ የሚከፍተው ዓይነት ኢሜይል ነው፣ ፊቱ ላይ የእሷ ስም የተለጠፈበት። «ረቂቅዎን ጀምሬ ሳልጨርስ አልተኛሁም፣ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም» ይላል። ሦስት አሳታሚዎች በጉጉት እየጠበቁ ነው ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ገንዘቡ ይመጣል። ለንባብ ይህን ያህል፣ ለአርትዖት ይህን ያህል፣ ውሉ ሲፈረም ደግሞ ሌላ።

መልሼ ደወልኩላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እንዴት እንደሚነገር አላውቅም ነበር። አሁንም በደንብ አላውቅም። ደብዳቤው ከእኛ እንዳልሆነ፣ አጭበርባሪ እንደጻፈው፣ ወደ ባንካቸው ቶሎ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። የላኩት የአራት ወር ጡረታቸውን እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅኩት። ያን ዕለት ግን ስለ ገንዘቡ አልጠየቁኝም።

«ታዲያ መጽሐፌን ማንም አላነበበውም ማለት ነው?» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስማቸውን መዝገባችን ውስጥ ፈለግኩት። ለምን እንደፈለግኩት ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ተገኘ። ከሰባት ወር በፊት ለእኛ ጽፈው ነበር። እውነተኛውን አድራሻ ተጠቅመው፣ በሥርዓቱ። ደብዳቤውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የዘጋሁትም እኔ። አጠገቡ ያስቀመጥኩት ማስታወሻ ሦስት ቃል ነው፦ «210,000 ቃል። አይሆንም።» በመክፈትና በመዝጋቱ መካከል አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

መልስም አልላክንላቸውም። የብዙ ቢሮዎች ልማድ ነው። ድረ ገጻችን ላይ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል «በ12 ሳምንት ውስጥ ካልመለስን አልተቀበልነውም ማለት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። እሳቸው አላዩትም። ስለዚህ ጠበቁ። ለአንድ የጸሐፊዎች ስብስብ ረቂቃቸውን ለእኛ እንደላኩና መልስ እየጠበቁ እንደሆነ በደስታ ይናገሩ ነበር። አጭበርባሪው ከዚያ ሳይሰማ አልቀረም። በአራተኛው ወር የአለቃዬን ስም የያዘ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ለምን ይጠርጥሩ? የጠበቁት ደብዳቤ መጣላቸው።

እዚህ ላይ የሥራውን አካሄድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ቀድመው ቢያውቁት ኖሮ የመጀመሪያው የክፍያ ጥያቄ ብቻ ያነቃቸው ነበር። ወኪል የሚከፈለው ጸሐፊው ሲከፈለው ነው። ከዚያ በፊት ምንም የለውም። መጽሐፉን ለአሳታሚ ሲሸጥ፣ በዚያው ዓለም የተለመደው ኮሚሽን ከጸሐፊው ገቢ 15 በመቶ ነው። ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ለሚሸጥ መብት ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ይሆናል። አሳታሚው ገንዘቡን ለወኪሉ ይልካል፣ ወኪሉ ድርሻውን ቀንሶ የቀረውን ለጸሐፊው ያስተላልፋል። አሠራሩ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለንደን ውስጥ ኤ. ፒ. ዋት የሚባል ስኮትላንዳዊ ይህን ሥራ ሙያ አድርጎ ሲይዘው የሚወስደው 10 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ብሏል። አቅጣጫው ግን አልተለወጠም። ገንዘቡ ወደ ጸሐፊው ይመጣል እንጂ ከጸሐፊው አይወጣም።

የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበር አባላቱ ለንባብ ክፍያ እንዳይጠይቁ በደንቡ ይከለክላል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ ማጭበርበሮችን እየተከታተለ ለጸሐፊዎች የሚያሳውቅ ራይተር ቢዌር የሚባል አገልግሎትም አለ። በእውነተኛ ወኪሎች ስም ስለሚጽፉ አስመሳዮች ደጋግሞ አስጠንቅቋል። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለሙያው ቅርብ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደጅ ላይ የቆመው ሰው ግን አያውቅም። እኛም አልነገርነውም።

ደብዳቤያቸውን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደገና ከፈትኩት። በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሕይወታቸው፣ ሁለተኛው ለመጻፍ ስለወሰደባቸው ዓመታት ነው። ሦስተኛው ገጽ መሐል ላይ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ቁጭ ብሏል። የሁለት መንደር ወሰን ለመለካት የተላከ ቀያሽ፣ መስመሩ በእናቱ መቃብር ላይ እንደሚያልፍ ይደርስበታል።

ይህን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። ከላይ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ እቆም ነበር። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አነብ ነበር።

የርዝመቱ ነገር እውነት ነው። ለመጀመሪያ ልብ ወለድ ብዙ ወኪሎች የሚጠብቁት ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል አካባቢ ነው። የማይታወቅ ሰው ስም የያዘ ወፍራም መጽሐፍ ለማተም ውድ ነው፣ ለመሸጥ ይከብዳል። የወኪል ደብዳቤ ደግሞ ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም። ታሪኩ የማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያግደዋል፣ ረቂቁ ስንት ቃል ነው፣ ለምን ለእርስዎ ላክሁት። ሌላው ይቆያል። ስለ ራስ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ያላሳተመ ሰው አለማሳተሙን ይቅርታ መጠየቅም የለበትም። እሳቸው ሁለት ገጽ ይቅርታ ጠይቀዋል። ያ አንጀቴን በላው።

ለአለቃዬ አሳየኋት። የሐሰቱን ደብዳቤ አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስሟን ስለሰረቁት የምትናደድ መስሎኝ ነበር። የጠየቀችኝ ግን «እኛ ለእኚህ ሰውዬ ምን ብለን ነበር የመለስንላቸው?» ብላ ነው። ምንም አልኳት። ራሷ ደወለችላቸው። በሩን ዘግታ ረጅም ሰዓት አወሩ።

በማግስቱ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነበር። ድረ ገጻችን አናት ላይ በትልቁ ከጸሐፊ ምንም ክፍያ እንደማንጠይቅ፣ ደብዳቤያችንም ከዚህ አድራሻ ብቻ እንደሚመጣ ጻፍን። ሁለተኛው አጨቃጨቀን። አለቃዬ ለሁሉም መልስ እንስጥ አለች። በሳምንት ሁለት መቶ ያህል ደብዳቤ ይመጣል። የሥራ ባልደረባዬ አይቻልም አለ፣ ሌላ ሥራ መሥራት እናቆማለን ብሎ። ልክ ነበር፣ ሰዓቱ የለንም። እኔ ራሴ ከሱ ጋር ነበር የምስማማው፣ ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ። በመጨረሻ ሁለት መስመር መልስ አዘጋጀን። አመሰግናለሁ፣ አንብቤዋለሁ፣ ለእኛ አይሆንም፣ ለሌላ ወኪል ይላኩት። በቃ። በየቀኑ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ያነበብኩትን ያህል እልካለሁ። ብዙዎቹ «ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን» ብለው ይመልሳሉ። «አይሆንም» ብሎ መጻፍ ውለታ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ገንዘባቸው አልተመለሰም። ባንኩ ጠየቀ፣ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ለፖሊስም አመለከቱ። ከዚያ የተሰማ ነገር የለም።

እሳቸው ግን አልተዉትም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደውለው «ልጄ፣ እውነተኛ ወኪል በምን ይታወቃል?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። የሚወዱትን፣ ከእርስዎ ጋር የሚቀራረብ አዲስ መጽሐፍ ይውሰዱና የምስጋናውን ገጽ ያንብቡ አልኳቸው። ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ወኪላቸውን በስም ያመሰግናሉ። ያ ስም መጽሐፍ በእርግጥ የሸጠ ሰው ስም ነው። ከዚያ የቢሮውን አድራሻ ራስዎ ፈልገው ያግኙ፣ በተላከልዎት ደብዳቤ ላይ ያለውን አይመኑ። ሳይጽፉለት ቀድሞ የሚጽፍልዎትን፣ ሳያነብ የሚያወድስዎትን ይጠርጥሩ። የወኪል ሥራ የሚበዛው እምቢ ማለት ነውና ውዳሴው ቶሎ ከመጣ ጥያቄ ያንሱ። ምን ሸጧል? ለማን? የሸጠላቸውን ጸሐፊዎች ማነጋገር እችላለሁ ወይ? እውነተኛው በዚህ አይቀየምም።

ለብዙ ወኪሎች በአንድ ጊዜ መላክ ነውር እንደሆነ ያስቡ ነበር። አይደለም። ወኪሉ ራሱ ለእኔ ብቻ ካላለ በስተቀር የተለመደ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ ግን ጥሩ አይደለም። ስድስት፣ ስምንት ላይ ይቁሙ። ማንም የረቂቁን ገጾች ካልጠየቀ ችግሩ ደብዳቤው ላይ ሊሆን ይችላል፣ አስተካክለው ለሚቀጥሉት ይላኩ። ገጽ ጠይቀው ከዚያ ከተዉት ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ረቂቁ ራሱ ነው። አንዱ እወክልዎታለሁ ካለ ለሌሎቹ ያሳውቁ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ይጠይቁ። ውሉ ላይ ደግሞ መለያየት ቢፈልጉ በምን ሁኔታ እንደሚለያዩ የሚለውን አንቀጽ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ቃል ልገባላቸው ግን አልቻልኩም። መግባትም አልነበረብኝም። አንድ ነገር ብቻ አልኳቸው፦ «ቀያሹን ከላይ ያምጡት።»

ከአንድ ዓመት በላይ ጠፉ። ከዚያ አዲስ ደብዳቤ መጣ። አንድ ገጽ። ረቂቁ 118,000 ቃል ሆኗል። ቀያሹ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሟል። ለአለቃዬ አሳለፍኩት። ሙሉውን ጠየቀች፣ አነበበች፣ አልተቀበለችውም። ጥሩ ነው ግን እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የሚገዙ አርታኢዎችን በደንብ አላውቃቸውም፣ እኔ ጋ ከቀረ ይበላሻል አለች። በራሷ እጅ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችላቸው፣ የሁለት ሌሎች ወኪሎችንም ስም ጠቆመቻቸው። ደብዳቤው በደረሳቸው ማግስት ደወሉልኝ። ያዘኑ አልመሰለኝም። «ስለ እናትየው መቃብር የጻፈችውን አየሽው?» ብለው አነበቡልኝ።

ባለፈው ወር እንደገና ደወሉ። ከላኩላቸው ስምንት ወኪሎች ሦስቱ አይሆንም ብለዋል፣ አራቱ ገና አልመለሱም። አንዷ ሙሉ ረቂቁን ጠይቃለች።

«ገንዘብ ጠየቀችዎት?» አልኳቸው፣ ሳላስበው ከአፌ ወጥቶ።

«አልጠየቀችኝም። ቢሮዋን ራሴ ፈልጌ ደውዬ አረጋግጫለሁ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ። «እያነበበችው ነው፣ ልጄ።»