ቁልፉ መጨረሻ ነው፦ ዓመታት የቆመ ፒካፕ ማስነሳት

ዓመታት ከዛፍ ሥር የቆመ ፒካፕ ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያምረው ነገር አንድ ነው፤ ከሌላ መኪና ባትሪ ወስዶ ማሰርና ቁልፍ ማዞር። ብዙ ደህና ሞተር የሚሞተው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ደርቋል፤ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት) ከዛገ ብረት ጋር ያለ ዘይት ይፋተጋል። ተጣብቆ የቀረ ቫልቭ ካለ የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ሥር የተኛው ዝቃጭ ተስቦ ካርቡሬተር ወይም የናፍጣ ፓምፕ ውስጥ ይገባል። ቆሞ የደረሰበት ጉዳት አብዛኛው በትዕግሥት የሚጠገን ነበር።

ኮፋኖውን ስትከፍቱ በቅድሚያ የአይጥ ጎጆ ፈልጉ። የአየር ፊልትሮው ቤት፣ የጭስ ማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጭስ የሚሰበስበው ቧንቧ) ላይ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ማራገቢያ፣ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጫፍ፤ ሁሉም ይታይ። ማኒፎልድ ላይ የቀረ ደረቅ ሣር ሞተሩ ሲግል እሳት ይይዛል። የተቀረጠፈ ሽቦ ካለም ባትሪ ከመታሰሩ በፊት ይጠገናል፤ ከታሰረ በኋላ ጭስ ሲወጣ ማወቅ ውድ ትምህርት ነው።

ስለ ባትሪው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካላሳየ፣ ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ሌላ ፈልጉ። ለዓመታት ባዶውን የቆየ ባትሪ ውስጡ በሰልፌት ደድሯልና ቻርጀር ላይ ሦስት ቀን ቢሰነብትም አይመለስም። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ ይዘገያል፤ እንዲህ ሲሆን ፖዘቲቩን የያዘው ቁልፋችሁ አካሉን ቢነካም ብልጭታ የለም። የማሳውን (የኔጋቲቭ መመለሻውን) ገመድ ግን አትርሱ። ከሞተሩ ወደ ሻሲው የሚሄደው የዚህ ገመድ ጫፍ ሲዝግ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ይቀራል፣ ሰውም ሞተሪኖ ሊያስጠግን ይሄዳል። ሁለቱንም ጫፍ ፈትታችሁ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉት።

አሁን ሞተሩ በእጅ ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚለው ጥያቄ ነው። ካንዴላዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያቸውን በአየር ንፉ፤ ያለዚያ ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመው አሸዋ ካንዴላው ሲወጣ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ሽቦዎቹ ላይ ቁጥር ለጥፉ። ብዙዎቹ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች 1-3-4-2 በሚል የሲሊንደር ተራ ያቃጥላሉ፤ ሆኖም በቃል ከመያዝ መጻፍ ይሻላል። ከዚያ በየጉድጓዱ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይት ጨምሩና አንድ ሌሊት ይደር። ናፍጣ ከሆነ ካንዴሌታዎቹን (ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ወይም ኖዝሎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) አውጥታችሁ በዚያው ቀዳዳ ታደርሳላችሁ። ናፍጣ ላይ መጠኑን አታብዙ፤ የሚታመቅበት ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ የተረፈ ዘይት ቀዳዳው ተዘግቶ ከዞረ ፒስተኑን እንደ ድንጋይ ያግደዋል።

በማግስቱ ማርሹን ፎሌ (ባዶ) አድርጉ፤ ከፊት ባለው የኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ ብሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በአብዛኛው ከፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደህና ሞተር መጀመሪያ ያንገራግራል፣ የአሸዋ ድምፅ ያሰማል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ይለሰልሳል። ሁለት ሙሉ ዙር በቂ ነው፤ በሁለት ዙር ሁሉም ቫልቭ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። እምቢ ካለ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ቺንጋውን አውልቃችሁ ሞክሩ፤ የደረቀው የውሃ ፓምፑ ወይም ዲናሞው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። እሱም ካልሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ በየጉድጓዱ ጨምሩ፤ ክፍቱን በጨርቅ ሸፍኑና በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ ጥቂት ወደፊት ጥቂት ወደኋላ እያወዛወዛችሁ ሳምንት ስጡት። አሴቶን እሳት ይስባልና ሲጋራ ይራቅ። ማርሽ አስገብቶ በሌላ መኪና መጎተት ግን ፋሻ መስበሪያ ነው።

ሲዞር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ጠንክሮ የሚቆም ከሆነ ቫልቭ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ክዳን አንሱና ሌላ ሰው እያዞረ ሮከሮቹን (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች) ተመልከቱ፤ ሁሉም እኩል ወርደው እኩል መመለስ አለባቸው። ወርዶ የቀረው የተጣበቀው ነው፤ ግንዱ ላይ የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ዘይት እየረጫችሁ ጫፉን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት።

ክዳኑ ከተነሳ አይቀር ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያናብበው) በምን እንደሚዞር እወቁ። የቶዮታ 22አር ቤንዚን ሞተር ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ስላለው ብዙ አያሳስብም፤ 2ኤልና 3ኤል የሚባሉት ናፍጣዎቹ ግን የጎማ ቺንጋ ነው ያላቸው። ዓመታት በአንድ ቦታ ታጥፎ የቆየ ቺንጋ ውጪው ደህና መስሎ ጥርሱ ይረግፋል፤ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል። ኪሎ ሜትሩ ምንም ይሁን ሞተሩን ሳታስነሱ ቀይሩት፤ የሚወጥረውን ኩሽኔታም አብሮ።

ዘይቱን ሳትቀይሩ ሞተሩን በሞተሪኖ እንዳታዞሩት። ማፍሰሻውን ብሎን እስከ መጨረሻው ፈትታችሁ ግን በጣታችሁ ገፍታችሁ ያዙት፤ ቀስ ብላችሁ ስትለቁት መጀመሪያ ምን እንደሚወጣ ታያላችሁ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከኮፓው (የሞተሩ የታች ዘይት መያዣ) ሥር ይተኛል፣ ካለም እሱ ይቀድማል። ጥቂት ማንኪያ የጤዛ ውሃ ነው። ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከወጣ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታ ተሰንጥቋል፤ ቀሪውን ሥራ አቁማችሁ እሱን ፈልጉ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ሜምብራና (ውስጡ ያለው ስስ ጎማ) ተቀድዷል። አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠማችሁ በፊት ዘይት ሙሉበት፤ የመጀመሪያው ሙሌት ርካሽ ዘይት ይሁን፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይፈሳልና። ካምቢዮውና ዲፈረንሲያሉ ላይ ደግሞ ምንጊዜም መሙያውን ብሎን ቀድማችሁ ፍቱ። ማፍሰሻውን ፈትቶ ዘይቱን ከደፉ በኋላ መሙያው እምቢ ቢል መኪናው ያለ ዘይት ቆሞ ይቀራል።

ነዳጅ ላይ ቤንዚንና ናፍጣ ይለያያሉ። ቤንዚን በጥቂት ወራት ውስጥ ያረጃል፤ ቀላሉ ክፍል ይተንናል፣ ቀሪው ወደ ቫርኒሽ ይቀየራል፤ ሽታውም የቆየ ቀለም ይመስላል። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ዝቃጩን አሟሙቶ መላክ ነው። ሰልባትዮውን አውርዳችሁ ድፉ፤ አንድ እፍኝ ዳዶ ከሳሙና ውሃ ጋር አስገብታችሁ እየናጣችሁ እጠቡ፤ ዛጉ ከበዛ ኮምጣጤ ሞልታችሁ አንድ ቀን አስቀምጡና በሶዳ ውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያውም አድርቁት። «ባዶ ነው» ብሎ በብየዳ መንካት የሚያፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን የቀረው ትነት መሆኑን መርሳት ነው። ለመጀመሪያው ማስነሻ ሰልባትዮውን ጭራሽ እንዳትጠቀሙ፤ ሁለት ሊትር ንጹሕ ቤንዚን በትንሽ ጀሪካን፣ ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ፣ አዲስ የጎማ ቱቦ፣ ቀጥታ ወደ ፓምፑ። ካርቡሬተሩ ይፈታ። ጄት የሚባሉት የነሐስ ቀዳዳዎች በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ይጸዳሉ፤ የብረት ሽቦ ካስገባችሁ ግን ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል፣ ምክንያቱም አይገኝም።

ናፍጣ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል፣ ግን ሰልባትዮው ሥር በተኛው ውሃና በናፍጣው መካከል ጥቁር ሙጭጭ ያለ ነገር ይበቅላል፤ ፊልትሮ የሚዘጋው እሱ ነው። ሁለት ፊልትሮ ግዙ፤ አንደኛው ቶሎ መዘጋቱ አይቀርም። አየሩን ለማስወጣት ፊልትሮው ላይ ያለውን ብሎን አላልታችሁ አረፋው እስኪጠፋ የእጅ ፓምፑን ምቱ፤ ከዚያ የኖዝሎቹን ቧንቧ ዳዶ አንድ ዙር አላልታችሁ ናፍጣው እስኪፈናጠር ሞተሪኖውን አዙሩና እሰሩ። በዚያ ሰዓት እጃችሁን አታቅርቡ፤ ከኖዝል የሚወጣ ግፊት ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል።

ናፍጣ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ዓመታት የቆመ የናፍጣ ፓምፕ ውስጡ ሙሉ ነዳጅ በሚሰጥበት ቦታ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሞተር ሲነሳ ዙሩ እየወጣ ይሄዳል፣ ቁልፉን ብታጠፉም አይሰማም። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት የፓምፑ ማጥፊያ እጀታ በነጻነት ሄዶ መመለሱን በእጃችሁ አረጋግጡ፤ የአየር ቱቦውን ፈትታችሁ አፉን የሚከድን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ የሚቆም ሰው አዘጋጁ። አየር ሲያጣ ይሞታል። በመዳፍ ወይም በጨርቅ ለመዝጋት የሚሞክር ግን እጁንም ጨርቁንም ያስበላል።

ቤንዚን ሆኖ ብልጭታ ከሌለው፣ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጡ ሁለት የብረት ጫፎች) ያለው አሮጌ ሞተር ከሆነ፣ ቦቢና (ለብልጭታው ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው) ከመግዛታችሁ በፊት እነዚያን ሁለት ጫፎች ተመልከቱ። ሲዘጉ ይነካካሉ፣ ግን ዓይን የማያየው ስስ የኦክሳይድ ልባስ መሃላቸው አለ፤ 12 ቮልት ያንን አያልፍም። ደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፉ፤ ከዚያ ንጹሕ ወረቀት በመሃላቸው አድርጋችሁ ጎትቱ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ 0.8 አካባቢ።

ራዲያተሩን በንጹሕ ውሃ እስኪጠራ እጠቡ፤ ስትጨምቁት የሚሰነጠቅ ቱቦ ሁሉ ይቀየር። ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ጠብታ ካያችሁ ፓምፑ አልቋል።

ፍሬንን ሰው ለመጨረሻ ያስቀራል፤ በእኔ እምነት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማለቅ አለበት፣ ምክንያቱም የተነሳ ሞተር «እስቲ አንዴ ዞር እንበል» ያሰኛል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ያ ውሃ የፓምፖቹን ውስጥ ያዝጋል። አየር ለማስወጣት ስትረግጡ ፔዳሉን ወለል ድረስ አታድርሱት። ዋናው ፓምፕ ውስጥ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) በወትሮው የማይደርስበት ቦታ ዝገት አለ፤ ያንን ሲያልፍ ይቀደዳል፣ ትናንት የሠራ ፍሬን ዛሬ ይሰምጣል። ከፔዳሉ ሥር አንድ ቁራጭ እንጨት አድርጉ። የጎማ ቱቦዎቹን ከውጭ ደህና ቢመስሉም ቀይሩ፤ ውስጣቸው አብጦ ዘይቱ በግፊት ይሄዳል፣ መመለሻ ግን ያጣል፣ ጎማውም እንደተያዘ ይቀራል። አየር የሚወጣው ከዋናው ፓምፕ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ ነው፤ ብዙ ፒካፕ ላይ ደግሞ ከኋላ አክሱ በላይ በጭነት ልክ ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ አለ፣ እሱም የራሱ ማውጫ ካለው እንዳይረሳ። ዘይቱ ጣሳው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል የፍሬን ዘይት ይሁን። አንዲት ማንኪያ የሞተር ዘይት ከገባበት ጎሚኒው ሁሉ ያብጣል፣ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

አሁን ቁልፉ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ፣ አጠገባችሁ የእሳት ማጥፊያ። ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ፣ ናፍጣ ከሆነ ማጥፊያው ተይዞ፣ ሞተሪኖውን 10 ሰከንድ አዙሩ፣ አንድ ደቂቃ አሳርፉት። የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድገሙ። አራት አምስት ጊዜ ተደጋግሞ ካልጠፋ አታስነሱት፤ የዘይት ፓምፑ ደርቆ አየር እየሳበ ነው። ከጠፋ ካንዴላዎቹ ይመለሱ፣ ሞተሩም ይነሳ። በደቂቃ 1,200 ዙር አካባቢ ያዙት፤ «ይጽዳ» ብሎ ጋዝ መርገጥ አያስፈልግም። ሰማያዊ ጭስ በሲሊንደሩ የጨመራችሁት ዘይት ነውና በጥቂት ደቂቃ ይጠራል። ሞተሩ ግሎም የማይጠራ፣ ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ ግን ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየተቃጠለ ነው። ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይስጥ።

ማርሽ አልገባ ካለ የፍሪሲዮኑ ሸራ ቮላኖ (በሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ብረት) ላይ ዝጎ ተጣብቋል። ፔዳሉን በእንጨት ተጭናችሁ አንድ ሌሊት ተዉት። ካልለቀቀ ሞተሩን አሙቁ፣ አጥፉ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን እንደረገጣችሁ አስነሱና ፍሬኑን ጠበቅ ጠበቅ አድርጉ። ፍሬኑ ቀድሞ መሠራት ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2311 ካለ የ2011 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢቆምም ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ለግቢ ካልሆነ አይሆንም።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን። ስትቆሙ አራቱን የጎማ መሃል በእጃችሁ ቅረቡ፤ ከሌሎቹ በጣም የጋለ ካለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይ ኩሽኔታው ደርቋል። 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያን ርካሽ ዘይት አፍስሱና የወጣውን ፊልትሮ አትጣሉት። ቆርቆሮውን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ጥቁር ዝቃጭ ይጠበቃል። የመዳብ መልክ ያለው ብልጭልጭ ከታየ ግን ብሮንዚናው (ኮሎው የሚዞርበት ልባስ) እየተበላ ነው፤ ከመንዳት በፊት ኮፓው ይውረድ።