በሩን ክፈትልን ብለን ስንጸልይ

ባለቤቴ «ጻፈው፣ ሳይረሳህ ጻፈው» እያለች ስትነዘንዘኝ ሁለት ወር ሆናት። ይኸው ጻፍኩት። ክብሩ ለጌታ ይሁን።

ዕድሜዬ 67 ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ደግሞ 31 ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሠርታለች። ልጆቻችን ሁሉም ጎጆ ወጥተዋል። «ከእንግዲህ ቤት ቁጭ ብለን ምን እንሠራለን?» ስንል ቤተ ክርስቲያናችን አንድ የጦር ካምፕ አጠገብ ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን እንድናገለግል ላከችን። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። መጎብኘት፣ ማጽናናት፣ አብሮ መጸለይ፣ ባሏ ግዳጅ ላይ ለሆነባት ሴት ልጆቿን ይዞ መዋል።

እኛ ቤት የሻንጣ ክብደት የሚቆጣጠረው እኔ ነኝ። ስንዘጋጅ ባለቤቴ ያረጀ የደም ግፊት መለኪያዋንና ማዳመጫዋን ስትከት አየኋት። «ጡረታ ወጥተሽ የለ እንዴ? ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» ብዬ አወጣሁት። መልሳ ከተተችው። ደግሜ አወጣሁት። ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ደግሞ እሺ ማለት እንዳልሆነ ከ40 ዓመት ትዳር በኋላ ማወቅ ነበረብኝ። በሹራቧ ጠቅልላ ይዛው መጥታለች።

ሰኞ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችንን ደብዳቤ ይዘን ወደ ካምፑ በር ሄድን። ተረኛው ዘብ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው። ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «ፋዘር፣ ይለፍ ያስፈልጋል። ያለ ይለፍ አይቻልም» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው። ካምፑ ውስጥ ያለው ቻፕሊን ወረቀታችንን እያስጨረሰልን እንደሆነ ነገርኩት። አንዲት ፊርማ ነበረች የቀረችው። «እሷ ስትመጣ ትገባላችሁ» አለ።

ለማያውቅ፣ ቻፕሊን ማለት የሠራዊቱ መንፈሳዊ አገልጋይ ነው። የደንብ ልብስ ይለብሳል እንጂ አይዋጋም። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነትም በጦር ሜዳ እንዲከበርና እንዲጠበቅ ያዛል። እኛ ግን ሁለት ሲቪል ሽማግሌዎች ነን፤ ማንም ስምምነት አይጠቅሰንም።

ማክሰኞም ሄድን፣ ተመለስን። ረቡዕም እንዲሁ። ማታ ማታ ተንበርክከን «ጌታ ሆይ፣ በሩን ክፈትልን» እንላለን። እውነቱን ልናገር፣ ጸሎቴ ጸሎት አልነበረም። ሒሳብ ማወራረድ ነበር። ስንት ቀን እንደባከነ፣ ስንት ሰው መጎብኘት እንችል እንደነበር እየቆጠርኩ ነበር ለእግዚአብሔር የማቀርበው። ማክሰኞ ማታ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን አነበብን። የመቶ አለቃው የቆርኔሌዎስ ታሪክ ነው። ጴጥሮስ እንዴት ወታደር ቤት እንደገባ ባነብ፣ እኛም እንዴት እንደምንገባ ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የእኛ በር ተንኳኳ።

አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ቆማለች። ከእኛ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር የወታደር ሚስት ናት። ባሏ ለልምምድ ወጥቷል፤ ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም። «መብራት ጠፍቶብኝ ነው። ስልኬን ቻርጅ ባደርግ ቅር ይላችኋል? ምናልባት ከደወለ እንዳያጣኝ» አለች። እኔ ስልኩን ተቀብዬ ሶኬት ስፈልግ ባለቤቴ አንገቷን እያየች ነው። የጋብቻ ቀለበቷን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

«ቀለበትሽ ምን ሆኖ?»

«ጣቴ አላስገባ አለኝ፣ ማዘር። አብጧል።»

«ራስሽንስ ያምሻል?»

«ከትናንት ጀምሮ። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል። ድካም ነው መሰለኝ።»

ባለቤቴ ምንም አላለችም። ገብታ ሹራቧን ይዛ ወጣችና ፈታችው። ልጅቷን አስቀምጣ ክንዷ ላይ ጠመጠመች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ የሚሰማው የመንፊያው ድምፅ ብቻ ነበር። ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ። ከዚያ አየሩ ቀስ እያለ ወጣ። ጥቂት ጠብቃ እንደገና ለካች። ፈገግ ብላ «አይዞሽ» አለቻት። ወደ እኔ ዞር ስትል ግን ፈገግታው የለም። «መኪና ፈልግ። አሁን።»

170 በ110 ነበር። እኔ ያኔ ቁጥሩ አልገባኝም፤ በኋላ ነው ያስረዳችኝ። በእርግዝና ጊዜ 140 በ90 ራሱ ያሳስባል። 160 በ110 ከደረሰ ድንገተኛ ሕክምና ነው። ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲጨመርበት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከባድ ሕመም ይጠረጠራል። ሴትዮዋ በማንኛውም ሰዓት ራሷን ስታ ልትንዘፈዘፍ ትችላለች። እናቲቱንም ልጁንም ይዞ የሚሄድ ነገር ነው።

የጎረቤታችንን በር ደበደብኩ። ሰውዬው በነጠላ ጫማ ወጥቶ መኪናውን አስነሳ። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ቅርብ ያለው የካምፑ ክሊኒክ ነው። መንገድ ላይ ዘቡን የምለማመጥበትን ንግግር በልቤ ሳዘጋጅ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ያው የሰኞው ልጅ ነው! ባለቤቴ መስኮቱን አውርዳ «የወታደር ሚስት ናት። ግፊቷ 170 በ110 ነው» አለችው። በቃ። ልጁ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ወንበር አየ፣ ሬዲዮውን አነሳ፣ በሩን ራሱ ሮጦ ከፈተው። እኔ ደብዳቤውን ከኮቴ ኪስ ለማውጣት ስታገል በሩን አልፈን ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ማግኒዚየም ሰልፌት ወጓት። መንዘፍዘፍን የሚከላከል መድኃኒት ነው። ግፊቱን የሚያወርድ ሌላም ሰጧት። ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል። ባለቤቴ አብራት ሄደች። እኔ ክሊኒኩ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። ጸሎት ቃሉ ጠፋብኝ። «ጌታዬ፣ አደራህን» ብቻ እያልኩ አደርኩ። ቻፕሊኑ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ለባልየው መልእክት በሬዲዮ እንዲደርሰው አድርጎ ነበር። ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው፤ ስለ ይለፍ ግን ማናችንም አላነሳንም።

ሊነጋጋ ሲል ባለቤቴ ደወለች። በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተወልዳለች። ሁለት ኪሎ። ቀኗ ሳይደርስ ስለመጣች ማሞቂያ ውስጥ ናት፣ ግን አልቅሳለች። እናቲቱም ደህና ናት፤ አልተንዘፈዘፈችም። ሐኪሙ ባለቤቴን «እንዲሁ ተኝታ አድራ ቢሆን ኖሮ...» ብሏት ቀሪውን አልጨረሰውም።

ቤት ስገባ መጽሐፍ ቅዱሱ ማክሰኞ ማታ እንደተውነው ተዘርግቷል። ዓይኔ ቁጥር 17 ላይ አረፈ። ከቆርኔሌዎስ የተላኩት ሰዎች ጴጥሮስ ያረፈበትን የስምዖንን ቤት ጠይቀው በደጁ ቆመው ነበር ይላል። ስንት ዓመት ያነበብኩት ምዕራፍ ነው! ጴጥሮስ ወታደሩ ቤት ከመድረሱ በፊት ወታደሩ የላካቸው ሰዎች ጴጥሮስ ደጅ ደርሰዋል። እኔ ለካ ሰውየው እንዴት እንደገባ ብቻ ነበር የምፈልገው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አጋጣሚ ነው የሚል ይበል፣ አልከራከርም። ባለቤቴም አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች። በ31 ዓመት ሥራዋ ቤተሰብ እየጸለየላቸው ያረፉ እናቶች አይታለች። «እኛ ስለጸለይን ነው የዳነችው ብለህ እነዚያን እንዳታስቀይም» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ የምመሰክረው ያየሁትን ነው። የለመንነው አንድ በር ነበር፤ ጌታ በአንድ ምሽት ሁለት ከፈተ።

ቅዳሜ ባልየው መጣ። ጫማው ላይ ያለው አቧራ አልተራገፈም። ልጁን ለመንካት እጁን በሳሙና አራት ጊዜ ታጠበ። እሁድ ስለ ድካም ቀኑን ሙሉ ተኛን።

ሰኞ ይለፋችን ደረሰ። ፎቶዬ አስቀያሚ ነው። በሩ ላይ ያው ልጅ ተረኛ ነበር። ደንብ ነውና ቦርሳ መፈተሽ አለበት። የባለቤቴን ቦርሳ ከፈተና መለኪያውን ሲያይ ቆም አለ። ግራ ቀኝ አየ። አለቃው የለም። ከዚያ የጦር መሣሪያውን ለጓደኛው አቀበለና እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ማዘር፣ እስኪ የኔንም» አላት።

120 በ80።