ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሳመለክት ያስቸገረኝ ጥናቱ ሳይሆን ስሜ ነው

ይሄን የምጽፈው በተለይ የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ለጆርናል ልትልኩ ላላችሁ የሳይኮሎጂ ልጆች ነው። ለኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ቢኖር ኖሮ ክረምቱ በደብዳቤ አያልቅብኝም ነበር።

ለፕሮሞሽን የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ሲቪ አዘጋጀሁ፣ የማስተማር ግምገማዬን አያያዝኩ፣ የዲፓርትመንት ፊርማ አገኘሁ፣ ፋይሉን አስገባሁ። እዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ከዛ ኮሚቴው ስኮፐስ ላይ፣ ማለትም የጥናት ጽሑፎችና ማን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ላይ፣ ሲፈልገኝ ግማሹን ስራዬን አጣው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ጆርናሎቹ ደግሞ የመጨረሻ ስም ካልሞላችሁ አያሳልፏችሁም። እንበል ስማችሁ አበበ ከበደ ደስታ ነው። አንዱ ጋ ከበደ አ. ሆናችሁ ትወጣላችሁ፣ ሌላው ጋ በአያት ስም ደስታ አ. ከ.፣ ሌላው ደግሞ ገልብጦ አበበ ከ. ይላችኋል። ጸ ወይም ቀ ያለበት ስም ከሆነማ በላቲን ፊደል አጻጻፉም ይለያያል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ሶስት የተለያየ ሰው ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ቁጥሩ ላይ ነው። ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን፣ ጽሑፎቻችሁ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ አይቶ የሚለካችሁን ቁጥር፣ ሂርሽ የተባለ ፊዚሲስት ነው በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው፤ 6 ጽሑፍ ኖሯችሁ እያንዳንዱ 6 ጊዜ ከተጠቀሰ 6 ናችሁ። ሶስቱ በአባት ሶስቱ በአያት ስም ከተመዘገቡ ግን እዚህም 3 እዚያም 3 ነው የሚታየው፣ ስራው ያው ጠቃሹም ያው ሆኖ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ መልሳቸው ነው። «ጽሑፎቹ የሌላ ሰው ሊሆኑ ስለሚችሉ ማስረጃ ያቅርቡ» ተባልኩ። ፒዲኤፉ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም አለ፣ ኢሜሌ አለ፣ ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጡት ራሳቸው አባት ስም ይዘው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው እኮ፣ የኛ ስም እንዴት እንደሚሰራ እያወቁ ስክሪኑን አመኑ። ስኮፐስ ውስጥ ያልገባ የአገር ውስጥ ጆርናል ላይ ያወጣሁት ስራ ደግሞ ጭራሽ አልተቆጠረም። ጥናቱ ስለ አማርኛው የድብርት መጠይቅ ነው፣ ያ ከ0 እስከ 27 ነጥብ የሚሰጠው ባለ 9 ጥያቄ፤ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ አንብባ ልትሰራበት የምትችለው እሱን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተመራማሪዎች ሰውን ጽሑፉ የወጣበት ጆርናል ባለው የደረጃ ቁጥር አትመዝኑት፣ ስራውን አንብቡት ያሉት ለዚህ ነበር። የኔን ያነበበው የለም።

ስኮፐስ ላይ የተበታተነ ፕሮፋይል ማዋሃድ በነጻ ነው፣ ጥያቄ ትልካላችሁ ያስተካክላሉ። ጉግል ስኮላር ላይ ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ያቃጠለኝ የአንዱ ጆርናል ኤዲተር ነው፣ ስሜን ገጹ ላይ አረመና «ተስተካክሏል» ብሎ ዘጋኝ። አልተስተካከለም! ብዙ ዳታቤዞች የሚወስዱት ጆርናሉ ዲኦአይ (የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር) ሲያወጣ ቁጥሩን ለሚመዘግበው ድርጅት፣ ለክሮስሬፍ፣ የላከውን መረጃ (ሜታዳታ) ነው፣ እዛ አሁንም የአያቴ ስም ነው ያለው። ስለዚህ ለኤዲተር ስትጽፉ «ስሜን አርሙልኝ» ብቻ አትበሉ፣ «ክሮስሬፍ ላይ ያለውን ሜታዳታ አድሱልኝ» በሉ።

የሚሰጣችሁ መመሪያ ስማችሁን እንደ ፓስፖርታችሁ ጻፉ ይላል። እኔ አትስሙት ነው የምለው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል፣ የሚያውቃችሁ ሰው ግን በአያታችሁ አይፈልጋችሁም። ሁልጊዜ የራስ ስም በሙሉ፣ ከዛ የአባት ስም፣ በአንድ ስፔሊንግ፣ አለቀ። አያት አይግባ።

ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ደግሞ ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አውጡ፣ ነጻ ነው፣ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ስም ቢቀያየርም እሱ አይቀየርም። የዩኒቨርሲቲ ኢሜል ብቻ አታስገቡበት፣ መስሪያ ቤት ስትቀይሩ ይዘጋባችኋል፣ የግላችሁንም ጨምሩ። አብራችሁ ስትጽፉ ፎርሙን የሚሞላው አንድ ሰው ስለሆነ ስማችሁ እንዴት እንደሚጻፍ ከነኦርኪዱ በጽሑፍ ላኩለት፣ ፕሮፌሰራችሁም ቢሆን፣ አትፈሩ። ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት እንድታዩት የሚላከው የመጨረሻ ቅጂ፣ ሲመጣ ደግሞ ከሰንጠረዡ በፊት ስማችሁን እዩ፣ ከታተመ በኋላ ማስቀየር ምን እንደሚመስል ነግሬያችኋለሁ።